አንድ ጡብ በ10 ሩፒ፦ አዲስ ከተማ በሕዝብ መዋጮ ሲሠራ የሚገዛው ምንድን ነው?

የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፣ ሕዝብ ከኪሱ አዋጥቶ ትልቅ ሥራ መጨረስ ይችላል የሚለው እምነት ይበልጥ ሥር ይዟል። ከዚህ እምነት በቀላሉ የሚወለድ አንድ ጥያቄ አለ፤ በመዋጮ ግድብ ከተሠራ ከተማስ ለምን አይሠራም? ጥያቄው በተነሣ ቁጥር ክርክሩ «ገንዘቡ ይበቃል ወይስ አይበቃም?» ወደሚል የሂሳብ ሙግት ያዘነብላል። የሂሳቡ መልስ ግን አጭር ነው፤ አይበቃም። ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ሌላው ነገር ነው። ገንዘቡ እንደማይበቃ እያወቁ መንግሥታት መዋጮ የሚጠይቁት ለምንድን ነው? ያዋጣው ሰውስ በምላሹ በከተማው ላይ ምን መብት ያገኛል?

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉም የተሻለ ምሳሌ የምትሆነው በደቡብ ምሥራቅ ሕንድ ለአንድራ ፕራዴሽ ክፍለ ግዛት ዋና ከተማነት የታቀደችው አማራቫቲ ናት። በአንዲት ከተማ፣ በዐሥር ዓመት ውስጥ፣ የጡብ መዋጮ፣ የመሬት መዋጮ፣ የመንግሥት ለውጥና የፍርድ ቤት ክርክር ተፈራርቀውባታል።

በአንድ ቃል ሥር የተደባለቁ ነገሮች

ክራውድፈንዲንግ የሚባለው፣ ብዙ ሰዎች እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት እየሰጡ፣ በአብዛኛው በኢንተርኔት ወይም በስልክ አማካይነት፣ ለአንድ ለታወቀ ዓላማ ገንዘብ የሚያሰባስቡበት መንገድ ነው። በአማርኛ መዋጮ ብንለው አንሳሳትም። ችግሩ መዋጮ የሚለው ቃል እጅግ ሰፊ መሆኑ ነው፤ ለሠርግ የሚሰጠውም፣ ለትምህርት ቤት አጥር የሚከፈለውም፣ ለግድብ የተገዛው ቦንድም በአንድ ስም ይጠራሉ። በሕግ ፊት ግን የተለያዩ ናቸው። ስጦታ የሰጠ ሰው ደረሰኝ ተቀብሎ ይሄዳል፤ የሚጠይቀው ነገር የለም። ቦንድ የገዛ ሰው አበድሯል፤ ቀኑ ሲደርስ ዋናውን ከነወለዱ የመጠየቅ መብት አለው። አክሲዮን የገዛ ደግሞ ባለቤት ሆኗል፤ በጉባኤ ተገኝቶ ድምፅ ይሰጣል። ከእነዚህ ጎን በስም መዋጮ፣ በባሕርይ ግብር የሆነ አራተኛ ዓይነት አለ። ይህ ከደመወዝ ላይ «በፈቃደኝነት» የሚቆረጠው ሲሆን፣ ፈቃደኝነቱ የሚለካው እንቢ ባለው ሰው ላይ በሚደርሰው ነገር ነው።

ስጦታ ሥራ አይጨርስም ማለት አይደለም። የኒው ዮርኩ የነጻነት ሐውልት ከፈረንሳይ ተልኮ መቀመጫው ገንዘብ አጥቶ በቆመበት ጊዜ፣ የጋዜጣ ባለቤት የነበረው ጆሴፍ ፑሊትዘር እ.ኤ.አ. በ1885 በጋዜጣው ጥሪ አድርጎ፣ የእያንዳንዱን ሰጪ ስም እያተመ፣ ከ100,000 ዶላር በላይ አሰባስቧል። አብዛኞቹ ሰጪዎች ከአንድ ዶላር ያነሰ ነበር የላኩት። በኔዘርላንድ ሮተርዳም ከተማ ደግሞ ሉኽትሲንግል የተባለ የእግረኛ የእንጨት ድልድይ ሲሠራ፣ 25 ዩሮ የከፈለ ሰው ስሙ የተቀረጸበት አንድ ጣውላ አግኝቷል። ድልድዩን ለፍጻሜ ያበቃው ግን ከከተማው አስተዳደር የተገኘው ወደ 4 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ድጋፍ ነው። ሁለቱም ሥራዎች መጀመሪያና መጨረሻ ነበራቸው። መቀመጫው ተሠርቶ ሐውልቱ ቆመ፣ ድልድዩም ሰው ተሻገረበት። ከተማ እንዲህ ያለ የማብቂያ ቀን የለውም።

ሃይደራባድን ያጣ ክፍለ ግዛት

እ.ኤ.አ. በጁን 2014 የሕንዱ አንድራ ፕራዴሽ ለሁለት ሲከፈል፣ ዋና ከተማው ሃይደራባድ አዲስ በተፈጠረው በቴላንጋና ክፍለ ግዛት ውስጥ ቀረች። ቀሪው አንድራ ከተማይቱን ለዐሥር ዓመት በጋራ እንዲጠቀምባት ተፈቀደለት፤ ከዚያ በኋላ የራሱን ዋና ከተማ መሥራት ነበረበት። በአንድራ ሰዎች ዘንድ ይህ እንደ አስተዳደራዊ ለውጥ ብቻ አልታየም። ለአሠርት ዓመታት ገንዘባቸውን፣ ልጆቻቸውንና ሥራቸውን ያፈሰሱባት ከተማ ድንገት የሌላ ሆናባቸዋለች። አዲሲቱ ከተማ «የማን ናት?» የሚለው ጥያቄ ከመሠረት ድንጋዩ አስቀድሞ የተጠየቀው ለዚህ ነው።

የክፍለ ግዛቱ ዋና ሚኒስትር ቻንድራባቡ ናይዱ ለዚህ ስሜት መልስ የሰጡት በሁለት ዘመቻዎች ነው። የመጀመሪያው «የእኔ ጡብ፣ የእኔ አማራቫቲ» ይባል ነበር። በኢንተርኔት የሚሸጥ አንድ ጡብ 10 ሩፒ ያወጣ ነበር፤ የገዛው ሰው የምስክር ወረቀት ያገኝ ነበር። ጡቡ በእርግጥ ጡብ አይደለም፤ ከስክሪን ላይ የሚገዛ የቁጥር ጡብ ነው። ሁለተኛው ዘመቻ ከክፍለ ግዛቱ ወደ 16,000 ከሚጠጉ መንደሮች አፈርና ውሃ ተሰብስቦ ወደ ከተማው ቦታ እንዲመጣ የሚያደርግ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ ኦክቶበር 22 ቀን 2015 የመሠረት ድንጋዩን ሊያኖሩ ሲመጡ፣ እርሳቸውም ከዴልሂ ፓርላማ ግቢ አፈር፣ ከያሙና ወንዝ ውሃ ይዘው መጡ።

ምልክቱ ኃይለኛ ነበር፤ ኃይሉ ግን በሁለት በኩል የሚቆርጥ ሆኖ ተገኘ። የአንድራ ሕዝብ ከማዕከላዊ መንግሥት የጠበቀው ገንዘብ ስለነበር፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የናይዱ ፓርቲና የሞዲ መንግሥት ሲቃቃሩ፣ ያ አፈርና ውሃ የመዘባበቻ ርእስ ሆነ፤ የተሰጠን ጭቃና ውሃ ብቻ ነው ተባለ።

ሂሳቡን እንሥራው

በወቅቱ የክፍለ ግዛቱ ሕዝብ 50 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀር እያንዳንዱ ሰው አንድ ጡብ ገዛ ብንል፣ የሚሰበሰበው 500 ሚሊዮን ሩፒ ነው። ይህም በዚያን ጊዜው ምንዛሪ 8 ሚሊዮን ዶላር አይሞላም። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ለዚችው ከተማ ያጸደቀው ብድር 800 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ የእስያ ልማት ባንክም በዚያው ወር ወደ 789 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል። ስለዚህ አንድም ሰው ሳይቀር ቢያዋጣ እንኳ የሚገኘው ከአንዱ ብድር አንድ በመቶ አይደርስም።

ይህን ሂሳብ የክፍለ ግዛቱ ባለሥልጣናት አያውቁትም ነበር ማለት አይቻልም። ጡቡ የታሰበው ገንዘብ ለማምጣት ሳይሆን ሰው ለመቁጠር ነው። 10 ሩፒ የከፈለ ሰው ከተማዋን በመደገፍ ድምፅ የሰጠ ያህል ይቆጠራል፤ የገዢዎቹ ብዛት ደግሞ በመድረክ ላይ እንደ ሕዝብ ፈቃድ ይነበባል። ደጋፊዎች በዚህ ላይ የሚያነሡት መከራከሪያ ቀላል የሚባል አይደለም። ሰው ገንዘቡን ያኖረበትን ነገር ይከታተላል፣ ሲሰረቅም ዝም አይልም፤ በካርታ ላይ ብቻ ያለች ከተማ ነዋሪ ሳይኖራት ወዳጅ ታገኛለች። ተቺዎች በበኩላቸው፣ ግብር የሚከፍል ዜጋ ለዚያው ሥራ ሁለተኛ እንዲከፍል መጠየቁ ተገቢ አይደለም፣ ከዚያም በላይ 10 ሩፒ መስጠት በዕቅዱ ላይ ተማክሮ ከመስማማት ጋር አንድ ተደርጎ መቆጠር የለበትም ይላሉ። ከተቺዎቹ ሁለት ሐሳቦች ሁለተኛው ይበልጥ ያሳምናል፤ ምክንያቱም ጡብ የመግዣው ገጽ «እገዛለሁ» የሚል ምርጫ እንጂ «አልስማማም» የሚል ምርጫ አልነበረውም።

ከተማዋን በእርግጥ ያቆሙት እነማን ናቸው?

የአማራቫቲ እውነተኛ መዋጮ መሬት ነው። መንግሥት መሬቱን በጥሬ ገንዘብ ካሣ ከመውሰድ ይልቅ፣ መሬት የማዋሃድ ሥርዓት ሊባል የሚችል መንገድ መረጠ። በዚህ መንገድ ገበሬው ማሳውን ለከተማ ልማት ባለሥልጣኑ ይሰጣል፤ መሬቱ መንገድ፣ የውሃ መሥመርና መብራት ከገባለት በኋላ ከፊሉ ተቆርሶ የከተማ ቦታ ሆኖ ይመለስለታል። በክሪሽና ወንዝ ዳርቻ ባሉ 29 መንደሮች ወደ 28,000 የሚጠጉ ገበሬዎች ከ33,000 ኤከር በላይ ሰጡ፤ ይህ ከ13,000 ሄክታር የሚበልጥ ነው።

የአንዱን ገበሬ ውል ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ዝናብ ጠባቂ የሆነ አንድ ኤከር የሰጠ ሰው፣ በምትኩ 1,000 ካሬ ያርድ ማለትም 836 ካሬ ሜትር የመኖሪያ ቦታ፣ እንዲሁም 250 ካሬ ያርድ የንግድ ቦታ ይሰጠዋል ይላል ውሉ። ሲደመር ካስረከበው ስፋት ሩቡን ያህል ነው። በተጨማሪም ለዐሥር ዓመት በዓመት 30,000 ሩፒ፣ በየዓመቱ እየጨመረ ይከፈለዋል፤ መሬቱ ዓመቱን ሙሉ ውሃ የሚያገኝ ለም ማሳ ከሆነ ክፍያው ከ50,000 ሩፒ ይጀምራል። ገበሬው የተሰማማበት ስሌት ግልጽ ነው፤ ሦስት አራተኛውን ያጣል፣ የቀረችው ሩብ ግን ከተማዋ ከተሠራች ከቀድሞው ሙሉ ማሳ ትበልጣለች። ከተማዋ ካልተሠራች ደግሞ እርሻም ከተማም የሌለው ሰው ይሆናል። በሌላ አነጋገር ይህ ገበሬ ለጋስ ብቻ አይደለም፤ ከከተማዋ ጋር ዕጣው የተሳሰረ ባለአክሲዮን ነው ቢባል ያስኬዳል።

ከዚህ ስሌት ውጭ የቀሩም አሉ። መሬት የሌላቸውና በሰው ማሳ በቀን ሥራ ወይም በኪራይ የሚተዳደሩ፣ አብዛኞቹም ዝቅ ተደርገው ከሚታዩ ማኅበረሰቦች የሆኑ ቤተሰቦች፣ የሚሰጡት መሬት ስለሌላቸው የሚመለስላቸውም ቦታ አልነበረም። የተመደበላቸው በወር 2,500 ሩፒ ጡረታ ነበር። በዓመት ብዙ ጊዜ የሚመረትበት ለም የወንዝ ዳርቻ መሬት በአስፋልት መሸፈኑን የተቃወሙ፣ አንዳንድ ባለሀብቶች የከተማዋን ቦታ ቀድመው ሰምተው መሬት ገዝተዋል ብለው የከሰሱም ነበሩ።

መንግሥት ሲለወጥ ምን ተረፈ?

እ.ኤ.አ. በ2019 ምርጫ ናይዱ ተሸነፉ። አዲሱ ዋና ሚኒስትር ጃጋን ሞሃን ሬዲ በዚያው ዓመት መጨረሻ ክፍለ ግዛቱ ሦስት ዋና ከተሞች እንዲኖሩት ሐሳብ አቀረቡ፤ አስፈጻሚው በቪሳካፓትናም፣ ሕግ አውጪው በአማራቫቲ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በኩርኑል። የሕንድ መንግሥት የብድር ጥያቄውን በመሳቡ ምክንያት የዓለም ባንክ ከመጀመሪያው የ300 ሚሊዮን ዶላር ዕቅድ የወጣው አስቀድሞ በጁላይ 2019 ነበር። የሲንጋፖር ኩባንያዎች የነበሩበት የልማት ስምምነትም ተቋረጠ። ግማሽ ድረስ የተነሡ ሕንጻዎች አረም ወረራቸው።

የሦስት ከተሞች ሐሳብ በቅንነት ሊመዘን ይገባዋል። አንድራ የተጎዳው ሁሉንም በሃይደራባድ ስላከማቸ ከሆነ፣ ያንኑ ስሕተት በአማራቫቲ መድገም አደገኛ ነው የሚለው ክርክር ጭብጥ ነበረው። አፈሩ ከ16,000 መንደር ቢመጣም፣ ራቅ ያሉት አካባቢዎች «የእኛ ከተማ» የሚለውን አባባል ሙሉ በሙሉ አልተቀበሉትም፤ በድርቅ በሚጠቃው በስተ ምዕራቡ ራያላሲማ የሚኖር ሰው የአንድ ማሰሮ አፈር መስጠቱ ከሥራና ከአገልግሎት አያስጠጋውም።

ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር ግን ማን ሊሟገት ቻለ የሚለው ነው። በመቶ ሺዎች ቢቆጠሩም ባይቆጠሩም ጡብ የገዙት ሰዎች ፍርድ ቤት የሚቀርቡበት ወረቀት አልነበራቸውም፤ የያዙት የምስክር ወረቀት የምስጋና ወረቀት ነው። ገበሬዎቹ ግን ከልማት ባለሥልጣኑ ጋር የተፈራረሙት ውል ነበራቸው። ከዲሴምበር 17 ቀን 2019 ጀምሮ ለዓመታት ተቃውሟቸውን ሳያቋርጡ፣ በ2021 መጨረሻ ደግሞ በእግር ረጅም ጉዞ አድርገው፣ ከሁሉም በላይ ግን ውላቸውን ይዘው ተከራከሩ። የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማርች 3 ቀን 2022 በሰጠው ውሳኔ መንግሥት የገባውን ግዴታ ሊተው እንደማይችል ገልጾ፣ ለገበሬዎቹ የተመደቡትን ቦታዎች በሦስት ወር፣ ከተማዋን በስድስት ወር እንዲያለማ አዘዘ። የጊዜ ገደቡን የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት በኖቬምበር አግዶታል፤ ስድስት ወር ውስጥ ከተማ ይሠራል ብሎ ማዘዝ ዳኝነት ሳይሆን ምሕንድስና ይመስላል የሚል ትችት ሳይቀርብበትም አላለፈም። ሆኖም ውሉ አልፈረሰም። ናይዱ በጁን 2024 ወደ ሥልጣን ሲመለሱና ሞዲ በሜይ 2025 ሥራውን ዳግም ሲያስጀምሩ፣ የሚመለሱበት መሬት በውል ተይዞ ቆይቷቸዋል።

ሌላ አፈር፣ ሌላ ውሃ፦ ኑሳንታራ

ኢንዶኔዥያ ከጃካርታ ወደ ቦርኒዮ ደሴት የምታዛውረው አዲሱ ዋና ከተማ ኑሳንታራ 466 ትሪሊዮን ሩፒያ ወይም ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚፈጅ ተገምቶ፣ ከወጪው አንድ አምስተኛው ያህል ከመንግሥት በጀት፣ ቀሪው ከባለሀብት ይመጣል ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2022 የጃፓኑ ሶፍትባንክ ከኢንቨስትመንቱ ወጣ። በዚያው ወር በ14ኛው ቀን ፕሬዚዳንት ጆኮ ዊዶዶ የ34 አውራጃዎች ገዢዎች ያመጡትን አፈርና ውሃ በአንድ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ጨመሩ። ወሩ ሳያልቅ የከተማው ባለሥልጣን ተወካዮች ክራውድፈንዲንግም አንዱ የገንዘብ ምንጭ ሊሆን እንደሚችል ተናገሩ።

በሕንድ የተጨበጨበለት ነገር በኢንዶኔዥያ ቁጣ ቀሰቀሰ። ልዩነቱ በሕዝቡ ለጋስነት አይደለም፤ ኢንዶኔዥያውያን በመስጠት የታወቁ ናቸው። ልዩነቱ የጥያቄው ጊዜ ነው። በአንድራ መዋጮው የተጠየቀው ሕዝቡ ከተማ ባጣበት ሰዓት ሲሆን፣ በኢንዶኔዥያ ግን የተጠየቀው ባለሀብቱ በሸሸበት ሰዓት ነው። ባለሀብት አስልቶ የተወውን ሕዝብ በፍቅር እንዲሸከም የሚጠየቅ መስሎ ታየ። ባለሥልጣናቱ ኋላ መዋጮው በፈቃድ መሆኑንና እንደ መናፈሻ ላሉ ሥራዎች ብቻ እንደሚውል ቢያብራሩም፣ ሐሳቡ የጀመረበትን ጉልበት አላገኘም።

እዚህም ወረቀት ያላቸውና የሌላቸው ተለያይተዋል። በሴፓኩ አካባቢ ለትውልድ የኖሩት የባሊክ ነባር ሕዝቦች መሬታቸውን የያዙት በልማድ እንጂ በካርታ አይደለም። ማሰሮው ውስጥ የገባው አፈር የ34ቱን አውራጃዎች አንድነት ያሳያል፤ የባሊክን የይዞታ መብት ግን አያሳይም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

የሕዳሴው ግድብ ከእነዚህ በምን ይለያል? አንደኛ፣ አብዛኛው የሕዝብ ተሳትፎ በቦንድ የተደራጀ ስለነበር ለገዢው የሚጠየቅበት ሰነድ ሰጥቶታል። ወለዱ ከዋጋ ንረቱ በታች ስለነበር ቦንዱ በተግባር በከፊል ስጦታ ሆኗል፤ ያም ሆኖ በሕግ ብድር ነው። ሁለተኛ፣ የሕዝቡ የቦንድና የስጦታ ድርሻ ከጠቅላላው ወጪ ወደ 9 በመቶ መሆኑ ተነግሯል፤ ሸክሙን የያዘው የሀገር ውስጥ የባንክ ገንዘብ ነው። የ9 በመቶ ድርሻ ከአማራቫቲ ጡብ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ግዙፍ ነው፤ ግድቡን «ያለ ሌላ ገንዘብ ሕዝብ ሠራው» ለማለት ግን አይበቃም። ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው ልዩነት፣ ግድብ የሚያልቅ ነገር መሆኑ ነው። ተርባይኖቹ ይቆጠራሉ፣ የሚያመነጩት ኃይል በሜጋ ዋት ይለካል፣ መብራቱም ከጉባ ርቆ ያለ ሰው ቤት ሊደርስ ይችላል። ከተማ ግን በአንድ ቦታ ያለ ነው፤ ያዋጣውና የሚኖርበት ሰው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

ይህ ልዩነት በአዲስ አበባ የወንዝ ዳርቻ ልማት ላይ በመጠኑ ታይቷል። ግንቦት 2011 ዓ.ም. የተካሄደው «ገበታ ለሸገር» የእራት ግብዣ ለአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የተቆረጠለት በመሆኑ፣ የጠራው አነስተኛ ሰጪዎችን ሳይሆን ባለሀብቶችንና ድርጅቶችን ነበር። በፈጣን ሁኔታ ብዙ ገንዘብ ለማሰባሰብ መንገዱ ውጤታማ ነው፤ በአንድ ማታ የተሰበሰበውን በ10 ብር ለመሰብሰብ ዓመታት ይፈጃል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ገንዘብ የሚያበረታው የለጋሹን ስም እንጂ የነዋሪውን የባለቤትነት ስሜት አይደለም። በወንዙ ዳር የሚኖረው ሰው በመናፈሻው ይዝናና ይሆናል፤ በአስተዳደሩ ግን የሚጠይቅበት ወንበር አላገኘም።

የሚገርመው፣ መክፈልንና መጠየቅን ያገናኘ ተቋም በየሰፈሩ መኖሩ ነው። የዕድር ስብሰባ ላይ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ስም ይጠራል፤ የከፈለና ያልከፈለ ይታወቃል፤ ገንዘብ ያዡ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ድንኳኑ መቼ ተጠገነ ብሎ ያስረዳል። ወርኃዊውን የከፈለ ማንኛውም አባል እጁን አንሥቶ «ወንበሮቹ የት ገቡ?» ማለት ይችላል፤ መልስ ሳይሰጠውም ስብሰባው አይበተንም። ሰው በዕድሩ የኔነት የሚሰማው ገንዘብ ስላወጣ ብቻ አይደለም። የከፈለበት ገንዘብ የመጠየቅ መብት ስለገዛለት ነው። የአማራቫቲ ጡብ ያልሸጠው ይህንን ነው።

በአማራቫቲ ጉዳዩ ገና አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2025 የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ከተማዋን ለማስፋት ተጨማሪ በዐሥር ሺዎች የሚቆጠር ኤከር በዚያው መሬት የማዋሃድ ሥርዓት ለመሰብሰብ ዕቅድ ሲያወጣ፣ በመጀመሪያው ዙር የገቡት ገበሬዎች ዐሥር ዓመት ጠብቀው ቦታቸው ገና በሙሉ አልለማም ነበር። በአዲሶቹ መንደሮች ያሉት ማሳቸውን ከመስጠታቸው በፊት የሚመለከቱትም እነዚያን ጎረቤቶቻቸውን ነው።